«አምፕት» በባሕር ዳር፦ የቅንጣቶችን የጋራ ፍሰት የሚያሰላ ነጻ ፕሮግራም ሲገመገም

በከባድ የአቶም አስኳሎች ግጭት ውስጥ የሚታየውን የቅንጣቶች የጋራ ፍሰት በሞዴል ማጥናት ለሚፈልግ፣ ነገር ግን ከአንድና ከሁለት ተራ ኮምፒውተር የበለጠ አቅም ለሌለው የፊዚክስ ተማሪ፣ ከሁሉ አስቀድሞ እንዲሞክረው የምመክረው ፕሮግራም «አምፕት» ነው። ይህን የምለው እዚህ ባሕር ዳር የድኅረ ምረቃ ተማሪዎችን እያማከርሁ ለዓመታት ከተጠቀምሁበት በኋላ ነው። ምክሬ ግን አንድ ብርቱ ማስጠንቀቂያ አብሮት ይሄዳል፤ ፕሮግራሙ ከሙከራ ውጤት ጋር የሚገጥም ቁጥር በቀላሉ ስለሚሰጥ፣ የገጠመበትን ምክንያት ሳይመረምሩ በውጤቱ መርካት በእርሱ ላይ ከሌሎች ሞዴሎች ይልቅ ይቀላል። የዚህ ግምገማ አብዛኛው ክፍልም ይህንኑ የሚመለከት ነው።

ጉዳዩ ለማይቀርበው አንባቢ መነሻውን ባጭሩ ላስቀምጥ። ሁለት የወርቅ ወይም የእርሳስ አስኳሎች ወደ ብርሃን ፍጥነት በተጠጋ ፍጥነት ሲጋጩ ብዙውን ጊዜ ፊት ለፊት አይገናኙም፤ ማዕከሎቻቸው ተዛንፈው ስለሚያልፉ፣ የሚደራረቡበት ክፍል በጨረሩ አቅጣጫ ሲታይ ከጎኑ እንደታየ የምስር ፍሬ መሃሉ ሰፋ፣ ሁለቱ ጫፎቹ ሾል ያሉ ናቸው። በዚያ ክፍል ውስጥ ፕሮቶኖችና ኒውትሮኖች ማንነታቸውን አጥተው ወደተሠሩባቸው መሠረታዊ ቅንጣቶች፣ ወደ ኳርክና ግሉዎን፣ ይለወጣሉ። ለውጡ የሚከሰትበት ሙቀት 155 ሚሊዮን ኤሌክትሮን ቮልት ገደማ፣ ማለትም ወደ 1.8 ትሪሊዮን ኬልቪን የሚጠጋ ሲሆን፣ ይህም ከፀሐይ እምብርት ሙቀት ከ100,000 እጥፍ በላይ ነው። እነዚህ ቅንጣቶች እርስ በርሳቸው በብርቱ የሚገፋፉ ከሆነ፣ ግፊቱ በአጭሩ ዘንግ በኩል በፍጥነት ስለሚቀንስ ወደዚያ አቅጣጫ የሚወረወሩት ይበዛሉ። የማይገፋፉ ከሆነ ግን ወደ ሁሉም አቅጣጫ እኩል ይበተናሉ። ዣን-ኢቭ ኦሊትሮ እ.ኤ.አ. በ1992 (ከዚህ በታች ያሉት ዓመታትም ሁሉ እ.ኤ.አ. ናቸው) ይህን የአቅጣጫ ልዩነት የጋራ ፍሰት ምልክት አድርጎ አቀረበው፤ ዛሬ ልዩነቱን የምንለካው የቅንጣቶቹን የማዕዘን ስርጭት በፉሪየር ተከታታይ (እንደ ሞገዶች ድምር) ዘርዝረን፣ ሁለተኛውን መጠን «ቪ2» ወይም ሞላላ ፍሰት ብለን ነው። ቪ2 0.1 ሆነ ማለት በአጭሩ ዘንግ በኩል የሚወጡት ቅንጣቶች በረጅሙ በኩል ከሚወጡት አንድ ተኩል እጥፍ ናቸው ማለት ስለሆነ፣ ቁጥሩ ትንሽ ቢመስልም የሚናገረው ነገር ትልቅ ነው።

በብሩክሃቨን ብሔራዊ ላቦራቶሪ ያለው «ሪክ» የተባለው አጋጫሚ ማሽን እ.ኤ.አ. በ2000 ሥራ ጀምሮ፣ «ስታር» የተባለው የተመራማሪዎች ቡድን በቀጣዩ ዓመት የመጀመሪያውን የሞላላ ፍሰት ውጤት ሲያትም ቁጥሩ ብዙዎች ከጠበቁት በላይ ነበር። በ2005 ደግሞ የተፈጠረው ነገር ጋዝ ሳይሆን በውስጡ ሰበቃ የሌለበት ሊባል ጥቂት የቀረው ፈሳሽ መሆኑ በይፋ ተነገረ። በሰርን የላርጅ ሃድሮን ኮላይደር የእርሳስ ግጭት በኖቬምበር 2010 ሲጀመር፣ የአሊስ ቡድን ሁሉንም ሞመንተም አጠቃልሎ የለካው ቪ2 በሪክ ከተለካው በ30 በመቶ ገደማ ከፍ ብሎ ተገኘ። እነዚህን ቁጥሮች ተከትሎ የሚነሳው ጥያቄ ፍሰቱን የፈጠረው የግጭቱ የትኛው ምዕራፍ ነው የሚለው ሲሆን፣ አምፕት ዋጋ የሚኖረውም ለዚህ ጥያቄ ነው።

ፕሮግራሙ አራት ሥራዎችን በቅደም ተከተል ያከናውናል። «ሂጂንግ» የተባለው ክፍል የሁለቱን አስኳሎች ፕሮቶኖችና ኒውትሮኖች በዘፈቀደ አስቀምጦ የመጀመሪያውን ግጭት ይፈጥራል፤ «ዜድፒሲ» የተባለው ደግሞ ኳርኮችና ግሉዎኖች፣ በአንድ ስም ፓርቶኖች፣ እርስ በርስ እየተላተሙ የሚጓዙበትን ጊዜ ይከታተላል፤ ቀጥሎ ፓርቶኖቹ ተመልሰው ወደ ሃድሮኖች፣ ማለትም ከኳርክ ወደተሠሩ እንደ ፓዮን፣ ካዮንና ፕሮቶን ያሉ ቅንጣቶች፣ ይዋሃዳሉ፤ በመጨረሻም «አርት» የተባለው ክፍል እነዚህ ሃድሮኖች እስኪለያዩ ድረስ የሚያደርጉትን ዳግም ግጭት ያሰላል። ዚ-ዌይ ሊን፣ ቼ ሚንግ ኮ፣ ባኦ-አን ሊ፣ ቢን ዣንግና ሱብራታ ፓል በ2005 ያሳተሙት ረጅም ጽሑፍ ሁሉንም በዝርዝር ስለሚያስረዳ፣ ተማሪዎቼ ፕሮግራሙን ከመክፈታቸው በፊት እርሱን እንዲያነቡ እጠይቃለሁ። ሞዴሉ ሁለት መልክ አለው። በመደበኛው መልክ አብዛኛው ኃይል ኳርኮችን በሚያስተሳስሩ የኃይል ገመዶች፣ በሕብረቁምፊዎች፣ ውስጥ ታስሮ ስለሚቆይ የሚላተሙት ፓርቶኖች ጥቂት ናቸው፤ ሕብረቁምፊዎቹ «የሚቀልጡበት» በተባለው መልክ ግን ያ ሁሉ ኃይል ወደ ኳርክና ፀረ-ኳርክ ይለወጣል። ለፍሰት ጥናት የሚያገለግለው ሁለተኛው ነው፤ የመጀመሪያው በሪክ ኃይል ከተለካው በጣም ያነሰ ቪ2 ይሰጣል።

ማውረዱና መጫኑ የሚያስቸግር አይደለም። ሶርስ ኮዱ ሊን በሚሠሩበት በምሥራቅ ካሮላይና ዩኒቨርሲቲ ገጽ ላይ በነጻ ይገኛል፤ መጠኑም ትንሽ ስለሆነ እንደ እኛ ግንኙነቱ ለሚቆራረጥበት ሰው ሸክም አይሆንም። የተጻፈው በፎርትራን 77 ሲሆን ጂፎርትራን የተጫነበት ማንኛውም የሊኑክስ ኮምፒውተር ያነበዋል፤ ሌላ ተጨማሪ ላይብረሪ አይጠይቅም። ከሌሎች የዘርፉ ፕሮግራሞች ጋር ታግሎ የሚያውቅ ሰው ይህ ምን ያህል እፎይታ እንደሆነ ይረዳኛል። ተጠቃሚው የሚነካው አንድ የመግቢያ ፋይል ብቻ ነው፤ በእርሱ ላይ በእያንዳንዱ መስመር አንድ ቁጥርና አጠገቡ አጭር ማብራሪያ ተጽፎ፣ የግጭቱ ኃይል፣ የአስኳሎቹ ዓይነት፣ የግጭቶቹ ብዛት፣ የማዕከሎቹ የጎን ርቀት ዝቅተኛና ከፍተኛ ወሰን በተራ ይሰፍራሉ። ከዚህ ፋይልና ከአጭር መግለጫ በቀር ግን ራሱን የቻለ የአጠቃቀም መጽሐፍ የለውም፤ የአንዳንዱ ቁጥር ትርጉም የሚገባው ኮዱን ራሱን አንብቦ ነው። ለጀማሪ ይህ ከባድ መሆኑን አልክድም።

የውጤቱ ፋይል ተራ ጽሑፍ ነው፤ ይህን ከፕሮግራሙ ጠንካራ ጎኖች አንዱ አድርጌ እቆጥረዋለሁ። የእያንዳንዱ ግጭት ራስጌ የግጭቱን ተራ ቁጥር፣ የቅንጣቶቹን ብዛት፣ የማዕከሎቹን የጎን ርቀትና የተሳተፉትን ፕሮቶኖችና ኒውትሮኖች ቁጥር ይናገራል። ከዚያ በታች እያንዳንዱ መስመር አንድ ቅንጣት ነው፤ በመጀመሪያ ማንነቱን የሚገልጸው ኮድ፣ ለምሳሌ ለአዎንታዊ ፓዮን 211፣ ቀጥሎ የሞመንተሙ ሦስት አካላት፣ ግዝፈቱ፣ በመጨረሻም ከሌላ ቅንጣት ጋር ለመጨረሻ ጊዜ የተላተመበት ቦታና ሰዓት ይሰፍራሉ። ይህ የመጨረሻው መረጃ በየትኛውም መመርመሪያ መሣሪያ ሊገኝ አይችልም። ተማሪው ከሁለቱ የጎን ሞመንተሞች ማዕዘኑን አውጥቶ፣ የእጥፉን ኮሳይን ወስዶ አማካዩን ሲያሰላ ቪ2 በእጁ ይገባል፤ ለዚህ የሚያስፈልገው የፓይተን ኮድ ከአንድ ገጽ አይበልጥም።

ወጥመዱም ያለው እዚሁ ላይ ነው። አምፕት በመደበኛ አቀማመጡ የግጭቱን የጎን ርቀት ሁልጊዜ በአንድ ዘንግ ላይ ስለሚያደርገው፣ ተማሪው የግጭቱን ጠለል፣ ማለትም ጨረሩና የጎን ርቀቱ የሚሠሩትን ጠፍጣፋ ገጽ፣ አስቀድሞ ያውቀዋል። በእውነተኛው ሙከራ ግን ይህን ጠለል የሚያውቅ የለም፤ የሚገመተው ከቅንጣቶቹ ከራሳቸው ነው። ስለዚህ ከታወቀው ዘንግ አንጻር የተሰላው ቪ2 ከታተሙት የሙከራ ነጥቦች ጋር ጎን ለጎን ሊቀመጥ አይገባውም። ተማሪዎቼ ስሌቱን በሁለት ቅንጣቶች ትስስር፣ በቅንጣቶቹ መካከልም በጨረሩ አቅጣጫ በቂ ክፍተት ትተው እንዲሠሩት አደርጋለሁ፤ ክፍተቱ የሚያስፈልገው ከአንድ ቅንጣት መፈራረስ ወይም ከአንድ ጄት (በአንድ አቅጣጫ ተጠጋግተው ከሚወነጨፉ ቅንጣቶች) የሚመጡ ጥንዶች ከጋራ ፍሰቱ ጋር እንዳይቀላቀሉ ነው። በሦስተኛው መጠን፣ በቪ3፣ ላይ ደግሞ ስህተቱ ወዲያው ይገለጣል። ከዚያ ከታወቀው ዘንግ አንጻር የተሰላ ቪ3 በብዙ ግጭቶች አማካይ ዜሮ ይሆናል፤ ሦስት ማዕዘናዊው ቅርጽ በእያንዳንዱ ግጭት ወደ ሌላ አቅጣጫ ዞሮ ስለሚገኝ እርስ በርሱ ይጣፋል።

ይህ ነጥብ ከአምፕት ታሪክ ውስጥ እጅግ የማከብረው ስለሆነ ትንሽ ልቆይበት። ለአሥር ዓመት ያህል አብዛኛው ሰው የግጭቱን ክፍል ለስላሳና በሁለቱም ጎን እኩል አድርጎ ያስበው ስለነበር፣ ጎዶሎ ቁጥር ያላቸው መጠኖች ዜሮ ናቸው ተብሎ ይታለፉ ነበር። በመረጃው ላይ የሚታዩትን እንግዳ ጉብታዎች ለማስረዳትም ሌላ ሌላ ምክንያት ይቀርብ ነበር። በ2010 ቡራክ አልቨርና ጉንተር ሮላንድ አምፕትን ወስደው፣ የተሳተፉት ፕሮቶኖችና ኒውትሮኖች በእያንዳንዱ ግጭት የት እንደነበሩ እየተከታተሉ፣ አቀማመጣቸው በአጋጣሚ ሦስት ማዕዘን ሲሠራ ያ ቅርጽ በመጨረሻዎቹ ቅንጣቶች ላይ ሦስት ማዕዘናዊ ፍሰት ሆኖ እንደሚወጣ አሳዩ። ሞዴሉ የመነሻውን ሁኔታ በለስላሳ አማካይ ሳይተካ አንድ በአንድ ስለሚያስቀምጠው መልሱ ከመጀመሪያው በውስጡ ነበር፤ የሚያስፈልገው የሚጠይቀው ሰው ነበር። እነርሱ የተጠቀሙበት ዓይነት መረጃ ዛሬም ከዋናው ውጤት ጎን በተለየ ፋይል ይወጣል። የተሳታፊዎቹን የጎን አቀማመጥ የያዘውን ያን ፋይል ከፍቶ የአንድን ግጭት ነጥቦች በወረቀት ላይ መሳል አንድ ተማሪ ስለ ፍሰት ከሚያገኛቸው ትምህርቶች ሁሉ የጠለቀው ይመስለኛል፤ በዓይኑ የሚያየው ቅርጽ ለስላሳ ሳይሆን ጎርበጥ ያለ፣ ግጭት በግጭት የሚለያይ ነው።

አሁን ወደ ማስጠንቀቂያው ልመለስ። በዜድፒሲ ውስጥ ፓርቶኖች የሚላተሙበትን የግጭት ስፋት የሚወስኑት ሁለት ቁጥሮች፣ የብርቱው ኃይል ጥንካሬና ኃይሉ የሚደርስበትን ርቀት የሚወስነው ስክሪኒንግ ማስ የሚባለው፣ በመግቢያው ፋይል ላይ ለማንም ክፍት ናቸው። ጥንካሬውን 0.33 ላይ አቁሞ ሁለተኛውን ከ2.265 ወደ 3.2 በአንድ ፌርሚ (በአስኳል ደረጃ የሚሠራበት የርዝመት መለኪያ) ከፍ ማድረግ ስፋቱን ከ3 ሚሊባርን (የግጭት ስፋት መለኪያ) ወደ 1.5 ገደማ ያወርደዋል፤ ቪ2ም አብሮት ይወርዳል። በ2002 ሊንና ኮ በሪክ የተለካውን ቪ2 ለማግኘት ከ6 እስከ 10 ሚሊባርን የሚደርስ ስፋት አስፈልጓቸው ነበር፤ በ2014 ግን ሊን የሕብረቁምፊዎቹን መበጣጠስ የሚገዙትን ቁጥሮች ለውጦ፣ በ3 ሚሊባርን ብቻ የቅንጣቶቹን ብዛት፣ የሞመንተም ስርጭታቸውንና ቪ2ን በአንድነት ከመረጃው ጋር አቀራረበ። የኋለኛው ከቀድሞው የተሻለ መሆኑ አያጠራጥርም። ቢሆንም አንባቢ ልብ ሊለው የሚገባው፣ አንድ ዓይነት መረጃ በተለያዩ የቁጥር ስብስቦች ሊገጥም መቻሉን ነው።

ተማሪዬ በእርሳስ ግጭት ላይ ያሰላችው ኩርባ ከአሊስ ነጥቦች ጋር የተቀራረበላት ዕለት «መምህር፣ ቁጥሩ ከገጠመልን እንግዲህ ምን ቀረን?» ስትል ጠየቀችኝ። «ፍሰቱ የመጣው ከየትኛው ምዕራፍ እንደሆነ ማሳየት ቀርቶሻል፤ የሃድሮኖቹን ግጭት ዝጊውና እንደገና አስሊው» አልኋት። ይህን ማድረግ በአምፕት ቀላል ነው፤ በመግቢያው ፋይል ላይ የአርትን የጊዜ እርምጃዎች ብዛት ከ150 ወደ 3 ዝቅ ማድረግ የሃድሮኖቹን ዳግም ግጭት ያስቀረዋል። ውጤቱ ሲወጣ ኤሌክትሪክ ሙል ያላቸው ቅንጣቶች ሁሉ በአንድነት የሚሰጡት ቪ2 ብዙም አልተነቃነቀም፤ በዝቅተኛ ሞመንተም በፓዮንና በፕሮቶን መካከል የሚታየው ልዩነት ግን ጠበበ። ይህ ልዩነት፣ ቀላሉ ቅንጣት ከከባዱ የበለጠ ቪ2 የሚያሳይበት ቅደም ተከተል፣ ለብዙ ጊዜ የፈሳሽ ፍሰት መታወቂያ ተደርጎ ሲጠቀስ የኖረ ነው። በ2016 በአምፕት ላይ የተሠራ ጥናትም ይህ ቅደም ተከተል ከፓርቶኖቹ ውህደትና ከሃድሮኖቹ ግጭት ሊመጣ እንደሚችል አሳይቷል። በዚያው ዓመት የወጣ ሌላ ጥናት ደግሞ በዚህ ሞዴል ውስጥ አብዛኛው የአቅጣጫ ልዩነት የሚመጣው ከጋራ ግፊት ሳይሆን፣ ፓርቶኖች በአጭሩ ዘንግ በኩል ሳይላተሙ የማምለጥ ዕድላቸው ከፍ ያለ በመሆኑ እንደሆነ አስረዳ። አንድ ተማሪ በአምፕት የተገኘን ቪ2 ይዞ «እንግዲህ ፈሳሽ መሆኑን አረጋገጥሁ» ብሎ ቢጽፍ፣ ሞዴሉ ያላለውን አስብሎታል ማለት ነው።

ሌሎችም ድክመቶች አሉት። ፓርቶኖቹ የሚላተሙት ሁለት ለሁለት ሆነው፣ አዲስ ፓርቶን ሳይፈጥሩ ብቻ ነው። ሕብረቁምፊ በሚቀልጥበት መልክ የመጀመሪያው ነገር ከኳርክና ፀረ-ኳርክ ብቻ ስለሚሠራ ግሉዎን የሚበዛበት መነሻ አይወከልም። ከፓርቶን ወደ ሃድሮን የሚደረገው ሽግግርም የብርቱውን ኃይል እኩልታዎች በነጥቦች መረብ ላይ ከሚፈታው ከላቲስ ስሌት የሚታወቀውን የግፊትና የኃይል ጥግግት ዝምድና አይከተልም፤ ስለዚህ የዚያን ፈሳሽ የቪስኮሲቲ (የውስጥ ሰበቃ) መጠን ማውጣት ለሚፈልግ ሰው ትክክለኛው መሣሪያ ይህ አይደለም። ለዚያ ሥራ በማክጊል ዩኒቨርሲቲ ሼንኬ፣ ጆንና ጌል በ2010 ያወጡት «ሚውዚክ» የተባለው የሃይድሮዳይናሚክስ ፕሮግራምና መሰሎቹ ይሻላሉ፤ የቪስኮሲቲና የኤንትሮፒ ጥምርታ ወደ ዝቅተኛው ወሰን፣ አንድ ለአራት ፓይ፣ ማለትም ወደ 0.08፣ የተጠጋ መሆኑን የምናውቀው በእንዲህ ዓይነት ስሌት ነው። በ2019 በርንሃርድ፣ ሞርላንድና ባስ ያሳተሙት ጥናት ይህን ጥምርታ ከሙቀት ጋር እንዴት እንደሚለዋወጥ ከመረጃው በስታቲስቲክስ ያወጣበት መንገድ በዘርፉ ካነበብኋቸው ሁሉ የላቀ ነው። ነገር ግን ያ መንገድ ለመነሻ ሁኔታ አንድ ፕሮግራም፣ ለፈሳሹ ሌላ፣ ለሃድሮኖቹ ሦስተኛ እያቀጣጠሉ በሺህ የሚቆጠሩ ፕሮሰሰሮችን የሚጠይቅ ስለሆነ፣ ዓባይ ማዶ ባለ አንድ መኖሪያ ቤት ውስጥ በተቀመጠ ኮምፒውተር የሚሞከር አይደለም።

በዚህ ከተማ ሁኔታ ላይ ለሚሠራ ሰው ጥቂት ተግባራዊ ነገሮች ላክል። መብራት በድንገት ሲጠፋ አምፕት ካቆመበት የሚቀጥልበት መንገድ የለውም፤ በመሆኑም አንድ ረጅም ሥራ ከማስነሳት ይልቅ ብዙ አጫጭር ሥራዎች ማሰለፍ ይሻላል፤ ቢቋረጥ የሚጠፋው የመጨረሻው ብቻ ነው። ሥራው ሲከፋፈል ግን የዘፈቀደ ቁጥሮቹ መነሻ ትኩረት ይፈልጋል። የመግቢያው ፋይል መነሻውን ወይ እዚያው ከተጻፈው ቁጥር ወይ ከኮምፒውተሩ ሰዓት እንዲወስድ ያስመርጣል። ቁጥሩ ሳይቀየር ከተተወ ሥራዎቹ ሁሉ አንድ ዓይነት ግጭት ይደጋግማሉ፤ ሰዓቱ ሲመረጥም በአንድ ሰከንድ ውስጥ የተነሱ ሁለት ሥራዎች መንትያ ሆነው ይወጣሉ። የስህተት ወሰኑ በሐሰት ጠቦ ስለሚታይ ይህ በቀላሉ የማይገለጥ ጉዳት ነው፤ እኔ ለእያንዳንዱ ሥራ የተለየ ቁጥር በአጭር ስክሪፕት አስጽፌ፣ ቁጥሮቹን ከውጤቱ ጋር በአንድ ማኅደር አስቀምጣለሁ። የውጤቱ ፋይልም ጽሑፍ በመሆኑ ዲስክ ቶሎ ይሞላል፤ የሚፈለገውን መረጃ አውጥቶ ዋናውን መጭመቅ ያስፈልጋል።

የጊዜው ነገር እንደ ግጭቱ ዓይነት ይለያያል። አሊስ በ2010 በ2.76 ቴራ ኤሌክትሮን ቮልት በፊት ለፊት የእርሳስ ግጭቶች በአንድ የፕሱዶራፒዲቲ (ቅንጣቱ ከጨረሩ ጋር የሚሠራውን ማዕዘን የሚገልጽ መለኪያ) ክፍል ውስጥ 1,600 ገደማ ሙል ያላቸው ቅንጣቶች ቆጥሯል፤ ፓርቶን በበዛ ቁጥር የሚፈተሹት ጥንዶች ስለሚበዙ አንድ እንዲህ ያለ ግጭት ላፕቶፕን በእጅጉ ያዘገየዋል። የሪክ የወርቅ ግጭቶች ቀለል ይላሉ። ከሁሉ የሚቀለው ግን የፕሮቶንና የእርሳስ ግጭት ነው፤ እኔም አሁን አዲስ የሚጀምር ተማሪ ከእርሱ እንዲነሳ እያደረግሁ ነው። ሌላው የሰርን ቡድን ሲኤምኤስ በ2010 በፕሮቶንና ፕሮቶን ግጭቶች እንኳ በረጅም ርቀት የተሳሰሩ ቅንጣቶችን ካየ ወዲህ፣ በእንዲህ ያለ ትንሽ ሥርዓት ውስጥ የሚታየው ፍሰት ከምን እንደሚመጣ ክርክሩ አልተዘጋም። ብዝዳክና ማ በ2014 በ1.5 ሚሊባርን ብቻ የፕሮቶንና የእርሳስን ቪ2ና ቪ3 ከመረጃው ጋር የተቀራረበ አድርገው በአምፕት አግኝተዋል። ተማሪው ይህንኑ ስሌት በ1.5 እና በ3 ሚሊባርን፣ የሃድሮኖቹን ግጭት አንድ ጊዜ ከፍቶ አንድ ጊዜ ዘግቶ፣ የሙከራ ነጥቦቹን በነጻ ከሚገኘው የሄፕዳታ ማኅደር አውርዶ፣ ሙከራው በተጠቀመበት የሞመንተም ወሰንና የክፍተት ስፋት ይሥራው፤ አራቱ ኩርባዎች በአንድ ሥዕል ላይ ሲቀመጡ ለመመረቂያ ጽሑፉ የመጀመሪያ ምዕራፍ የሚበቃ ሥራ ይሆናል።